ጄሬ ያልደረሰው ለቅሶ

ሥልጠናው በስልክና በኮምፒውተር ሊሆን ነው ሲባል ናሙኮሎ ሲታሊ የፈራችው ኔትወርኩን፣ የመብራት መጥፋቱንና የሽማግሌዎቹን ጣት ነበር። ኔትወርኩ እንደ ምንም ሠራ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ተነሣ። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ሉሳካ ላሉ የልጅ ልጆቻቸው ቪዲዮ ሲልኩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ስክሪን መንካት አላቃታቸውም። ጉድ የሠራት ያልፈራችው ነገር ነው፤ ጨዋነታቸው።

የቀጠራት ድርጅት ኪትዌ ከተማ ውስጥ ለመዳብ ማዕድን ማውጫው ክሬን ከነሠራተኛው የሚያከራይ ነው። ማዕድን ማውጫው አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የዕቃ ማንሣት ደህንነት ሥልጠናውን ጨርሶ አረንጓዴ ምልክት ያላገኘ ሰው በሩን አያልፍም። ቀድሞ ሥልጠና ማለት ከጆሃንስበርግ አንድ ሰውዬ ይመጣል፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥዕል ያሳያል፣ ዶሮ ይበላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ሁሉም ፈርሞ ይወጣል ማለት ነበር። ወድቆ የሚያውቅ ሰው የለም። አሁን ጆሃንስበርግ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት የኦንላይን ማሠልጠኛ ገዛ። ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም “ሲስተሙ” ይለዋል። ናሙኮሎ የተቀጠረችው ሲስተሙን እንድታስኬድ ነው፤ ለዚያውም በሙከራ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እናቷ ቤት ሥራ ፈትታ ስለከረመች፣ “በሙከራ” የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር እናቷ ቤት ያለው አልጋ ይታያት ነበር።

ትምህርቱን ማየትና ጥያቄ መመለስ ለማንም አልከበደም። የከበደው የመጨረሻው ክፍል ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ገመዱን፣ ሰንሰለቱን፣ መንጠቆውን ሲፈትሽ በስልክ ይቀረጻል፤ ቪዲዮው ሲስተሙ ላይ ይጫናል፤ አንድ የሥራ ባልደረባው አይቶ ጉድለቱን ይጽፍለታል። ጉድለት ካልተጻፈ ሲስተሙ አይቀበልም። ቀይ ያበራል።

ወርክሾፑ በሙሉ ቀይ ሆነ።

“በጣም ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርክዎት” ይላል አንዱ። “ከእርስዎ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልን” ይላል ሌላው። ሦስተኛው ጭራሽ ጸሎት ጽፏል። ናሙኮሎ ሰውን ለረጅም ጊዜ መለመን አትወድም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ግቢው ውስጥ ክብ ሠርቶ ሲቆም መሀል ገባችና ከወጣቶቹ አንዱን ጠራችው።

“ያንተን አየሁት። ባ ካፔምብዋ ቪዲዮው ላይ ጓንት አላደረጉም። በባዶ እጃቸው ነው የሽቦ ገመዱን የሚዳብሱት። አላየህም?”

“አየሁ እንጂ ማዳም።”

“ታዲያ ምነው አልጻፍከው?”

ልጁ ጫማውን አየ። ባ ካፔምብዋ ሁለት ሰው አልፎ ቆመዋል፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሰማዩን እያዩ፣ ነገሩ ስለ ሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ። “ባ” የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ የወርክሾፑ ትልቁ ገመድ አሳሪ ናቸው። ግማሹን ሠራተኛ ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ የግማሹንም ሠርግ ሸምግለዋል።

“ማዳም፣ እሳቸው እኮ የአባቴ እኩያ ናቸው” አለ ልጁ። “‘አጠፉ’ ብዬ ልጻፍባቸው? በጽሑፍ?”

“አዎ፣ በጽሑፍ!”

“እሺ ማዳም” አለ። ከሰዓት በኋላ አዲሱ አስተያየት ገባ። “በጣም ጥሩ ነው። ጓንት ቢኖር ደግሞ የበለጠ ያምርብዎት ነበር።” ሲስተሙ ይህንንም ጉድለት ብሎ አልቆጠረውም።

ምሳ ሰዓት ላይ ናሙኮሎ ከቢሮዋ መስኮት ሆና ታያቸው ነበር። ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ንሺማቸውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በጎመንና ካፔንታ በሚባለው ትንሽ ደረቅ ዓሣ እየጠቀለሉ ይበላሉ። ዳሊትሶ ጄሬ ሳህኑን ይዞ መጣ። ክሬኑን በእጅ ምልክት የሚመራው እሱ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ባ ካፔምብዋን አልፎ ሊቀመጥ ሲል ቆመና አጎንብሶ ሳህናቸውን አሸተተ።

“ይሄ ሥጋ ነው እንዴ? የማን ጭራ ነው?”

“አትድረስብኝ አንተ አይጥ ቆፋሪ” አሉ ባ ካፔምብዋ ቀና ሳይሉ።

“ጦጣዋን ቢያንስ ጓንት አድርገህ ብላት። ገመድም በባዶ እጅ፣ ጦጣም በባዶ እጅ! እጅህን ስትቆርጠው ደግሞ ‘ንጎኒዎች ቆረጡኝ’ ትላለህ።”

ዛፉ ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጠው ባ ካፔምብዋ ሳቁ። ጄሬ ንጎኒ ነው፤ እሳቸው ቤምባ ናቸው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው በጦር ተፋጅተዋል። ጦሩ ሲያልቅ ለልጆቻቸው የተረፈው ተረብ ብቻ ነው። ቤምባና ንጎኒ የተረብ ዘመዶች ናቸው፤ ንጎኒው ቤምባውን ጦጣ በላ ይለዋል፣ ቤምባው ንጎኒውን አይጥ በላ። በሌላው ቀን ጄሬ ባ ካፔምብዋን እርስዎ ይላል፤ ተረብ ሲጀምር ግን አንተ ነው፣ ዕድሜም ሹመትም አይዘውም፣ የሚቆጣም የለም። የሚቆጣ ካለ እሱ ነው ባለጌው።

ናሙኮሎ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጓንቱን ነገራቸው እኮ! በሰው ፊት፣ በግልጽ፣ ሳይፈራ። ልመናዋን ሁሉ ጄሬ በአንድ ጉርሻ ጨረሰው።

ያን ዕለት ከሰዓት ሲስተሙን ከፈተችና ሰዎቹን እንደ ገና አጣመረቻቸው። ቤምባውን ከንጎኒ፣ ሎዚውን ከቶንጋ። ራሷ ሎዚ ናት፤ የበር ጠባቂው ቶንጋ በገባች በወጣች ቁጥር ስለ ዓሣ ሽታ ሲተርባት ኖሯል፤ ነገሩን ታውቀዋለች። በማግስቱ ጠዋት ክቡ መሀል ገብታ፣ “ዛፉ ሥር እንደምትነጋገሩት ጻፉ። እንደዚያው። ሌላ ምንም አልፈልግም” አለቻቸው።

“እንደዚያው?” አለ ጄሬ።

“እንደዚያው።”

“ማዳም፣ በኋላ እንዳትጸጸቺ።”

አረንጓዴው እንደ ዝናብ ማግስት ሣር ወጣ። መንጠቆው ላይ የመቆለፊያዋ ምላስ መሰበሯን፣ ሰንሰለቱ መዛጉን፣ የሸክሙ ልክ የተጻፈበት ታርጋ መጥፋቱን፣ ሁሉንም ጻፉት። በመሀሉ ስለ አይጥና ስለ ጦጣ፣ ስለ ሰው አፍንጫና ስለ ሰው አማች የሚበቃውን ያህል አለ። ናሙኮሎ እያነበበች ለብቻዋ ሳቀች። ከጆሃንስበርግም ምስጋና መጣ፤ ከቅርንጫፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አረንጓዴ የዞረው የኪትዌው ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ሲምኮንዳ ቢሮዋ ድረስ መጥቶ፣ “የቋሚነትሽ ነገር አለቀ በይው” አላት።

ከዚያ ጄሬ የባ ካፔምብዋን ቪዲዮ አየ።

በእንግሊዝኛ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ “አንተ ጦጣ በላ፣ ዓይንህን የበላችው የትኛዋ ጦጣ ናት? ገመዱ አንገቱ ላይ ሽቦው ተበጣጥሷል፤ አንተ መሀሉን እየዳበስክ ‘ደህና ነው’ ትላለህ። በዚህ ገመድ የሰቀልክ ቀን የሞትክ ቀን ነው። እኛ ንጎኒዎች መጥተን እየጨፈርን እንቀብርሃለን፣ ወንበርህንም እንወርሳለን።”

ገመዱ እውነትም ተበጣጥሷል። ያኑ ቀን ወርዶ ተጣለ። ሲስተሙ ግን ለካ ክፉ ቃል የሚጠብቅበት ሌላ ዓይን አለው፤ “መሞት” የሚለውን፣ “መቅበር” የሚለውንና የብሔረሰብ ስም አንድ ላይ ሲያይ ጽሑፉን ቀጥ አድርጎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከው። በማግስቱ ጄሬ ወደ ሲስተሙ መግባት አቃተው። ከሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ክፍሏ ሚስ ፒላይ ከጆሃንስበርግ ደወለች። ድምፅዋ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ያሳዘናት ይመስላል።

“የዘር ስድብና የግድያ ዛቻ ነው፣ ናሙኮሎ። በጽሑፍ። ለአንድ አረጋዊ ሠራተኛ።”

“ሚስ ፒላይ፣ ቀልድ ነው። የተረብ ዘመዳሞች ናቸው።”

“ዘመዳሞች ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን መገምገም አልነበረበትም።”

“የሥጋ ዘመድ አይደለም…”

“በጽሑፍ አስረጂኝ። እስከዚያው ታግዷል። በሚቀጥለው ሳምንት በቪዲዮ እንሰማቸዋለን። እስከዚያ ድረስ ተበዳዩን እንዳያገኘው፤ በአካልም፣ በስልክም፣ በሰውም። ካገኘው ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።”

ናሙኮሎ ተቀምጣ ጻፈች። ስለ ጦሩ፣ ስለ ዕርቁ፣ ስለ ተረቡ ረዘም አድርጋ ጻፈች። ሰዎቹ እንዴት ተጣመሩ የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ፣ “ሠራተኞቹ በባህሉ መሠረት ተጣምረው ነበር” ብላ አለፈችው። ማን እንዳጣመራቸው አልጻፈችም። ማንም አልጠየቃትማ። የሚስ ፒላይ መልስ አጭር ነበር፤ ስለ ማብራሪያው ታመሰግናለች፤ ደንቡ ግን ለባህል ሁሉ እኩል ነው።

ጄሬ የታገደ ዕለት ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ ቢሮዋ በር ላይ ቆመ።

“እንደዚያው ጻፉ ያልሽው አንቺ ነሽ እኮ ማዳም።”

“አውቃለሁ።”

“በዘር ስድብ የተባረረ ሰው ማዕድኑ በር ላይ ስሙ ይለጠፋል። ክሬን ያለበት ቦታ ሁሉ የነሱ በር ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።”

“ዝም በልና ሳምንቱን ተቀመጥ። ባ ካፔምብዋ መጥተው ‘አልተሰደብኩም’ ካሉ አለቀ። ምን ይላሉ ብለህ ነው?”

“እሳቸውማ ምን ይላሉ” አለና ትንሽ ቀለል አለው። “እሳቸውማ ይስቃሉ።”

ነገሩ እዚህ ላይ በቆመ ጥሩ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የባ ካፔምብዋ ታላቅ እህት ቻምቦሊ ሰፈር ቤታቸው ውስጥ አረፉ።

ወርክሾፑ እንደ ወጉ ተንቀሳቀሰ። ድርጅቱ ሬሳ የሚያጓጉዝ መኪናና የበቆሎ ዱቄት ሰጠ፤ ሴቶቹ የቺቴንጌ ጨርቃቸውን አሸርጠው ወጡ። ናሙኮሎ ሚኒባስ እየጠበቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

“ማዳም፣ ሰማሽ?”

“ሰማሁ።”

“ልሂድ?”

“የት?”

“የት ትይኛለሽ? ለቅሶ ነዋ!”

“አትሂድ” አለች ወዲያው። “እንዳታገኛቸው ተብለሃል። እዚያ ስንት ስልክ አለ፤ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ግሩፕ ላይ ቢለጥፈው አለቀልህ።”

“ማዳም፣ እሳቸው ቤት ለቅሶ ሆኖ እኔ ቀረሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

ታውቃለች። የተረብ ዘመድ ለቅሶ ላይ እንግዳ አይደለም። ሌላው ሲያለቅስ እሱ ያሾፋል፤ የሟችን ሙያ ይሳለቅበታል፣ ሬሳው ሳጥን ውስጥ “እኔ ልተኛ” ብሎ ያስቸግራል፣ መቃብር ላይ አካፋውን ይደብቅና ካሳ ካልተሰጠኝ አፈር አይመለስም ይላል። ሐዘንተኛው እያለቀሰ ይስቃል። ያኔ ነው ቀብሩ ቀብር የሚባለው።

“ከሥራህና ከለቅሶው አንዱን ምረጥ” አለችው። “ሐሙስ ጉዳዩ ሲያልቅ ሄደህ አንድ ወር ሙሉ ተርባቸው።”

ሚኒባሱ መጣ። እሷም ሄደች።

ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ መሬት ላይ፣ ወንዶቹ ውጭ በግንድ እሳት ዙሪያ። ባ ካፔምብዋ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ ይጨብጣሉ። እጃቸው እጅ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ግን በሩ ላይ። አንድ ሰው ገባ፣ ቀና አሉ፤ ጄሬ አይደለም። ሌላ ሰው ገባ፣ ቀና አሉ። ናሙኮሎ አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ስትይዝ፣ “መጣሽ ማዮ፣ እናቴ” ብቻ አሏት። ጄሬን አልጠየቁም። እሷም አልተናገረችም፤ እንዳይገናኙ የተባለው “በሰውም” ነው፣ ሰው ደግሞ እሷ ናት።

ቀብሩ ሲደርስ መቃብሩ ላይ ከሰፈሩ የመጡ ሁለት ሦስት ንጎኒዎች ነበሩ፤ የባ ካፔምብዋ ቀልደኛ ጄሬ ሳይጀምር መጀመር ደስ ስላላላቸው እርስ በርስ ተያዩና ተዉት። ቄሱ ጸለዩ። አካፋዎቹ እዚያው የተተከሉበት ነበሩ። የደበቃቸው የለም። ሰዎቹ አነሷቸውና አፈሩ ያለ ሳቅ ተመለሰ።

ሐሙስ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። ሚስ ፒላይ ትልቁ ስክሪን ላይ ናት፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ሚስተር ሲምኮንዳ፣ ናሙኮሎ፣ ጄሬ፣ ባ ካፔምብዋ። ባ ካፔምብዋ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ባርኔጣቸውን ፊታቸው አስቀምጠዋል። ጄሬ “እንደምን አደሩ” ሲላቸው አልመለሱም። ናሙኮሎ ይህን አየች፤ ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

ሚስ ፒላይ ስብሰባው እንደሚቀረጽ ተናገረች፤ ሐዘናቸውንም ጠቅሳ አጽናናቻቸው። ከዚያ ጽሑፉን ከጦጣው እስከ ወንበሩ በእንግሊዝኛ አነበበችው። በእሷ ድምፅ ሲሰማ እውነትም ያስፈራ ነበር።

“ሚስተር ካፔምብዋ፣ በነፃነት ይናገሩ። ይህ ሰው አስቀይሞዎታል?”

“አዎ” አሉ ባ ካፔምብዋ።

ጄሬ ወንበሩ ላይ ደረቀ። ሚስተር ሲምኮንዳ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“በምን ያህል?” አለች ሚስ ፒላይ።

“በዕድሜዬ እንዲህ ያስቀየመኝ ሰው የለም። ልጄ ነው ስል የነበረ ሰው ነው።” እንግሊዝኛቸው የቆየና ጥንቁቅ ነው። “ከዚህ በኋላ ከሱ ጋር አብሬ አልሠራም።”

ሚስ ፒላይ ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማ። ናሙኮሎ ባ ካፔምብዋን አየቻቸው። ስክሪኑን አይደለም የሚያዩት፤ ጄሬንም አይደለም። የሚያዩት ግድግዳውን ነው፤ ለቅሶው ቤት ውስጥ በሩን እንዳዩት። በሙከራ ላይ ያለ ሰው መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። እሷ ደግሞ አሁን ዝም ብትል ነገሩ ያለ እሷ ስም ሊያልቅ ነው።

“ጽሑፉ አይደለም” አለች።

“ይቅርታ?” አለች ሚስ ፒላይ።

“እሳቸው ስለ ጽሑፉ አይደለም የሚናገሩት። ለቅሶ ስለቀረባቸው ነው። የቀረው ደግሞ እኔ ስለከለከልኩት ነው። ልሂድ ብሎ ደውሎልኛል፤ ከሥራህና ከለቅሶው ምረጥ አልኩት።” ትንፋሿን ሳበች፤ ከጀመረች አይቀር ጨረሰችው። “ሰዎቹንም ያጣመርኳቸው እኔ ነኝ። ዛፉ ሥር እንደምትነጋገሩት ጻፉ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ ‘ተጣምረው ነበር’ ያልኩት፣ ስሜ እንዳይገባ ነው።”

ባ ካፔምብዋ ቀስ ብለው ወደ እሷ ዞሩ። ንግግራቸውንም ወደ ቤምባ ቋንቋ መለሱ።

“አንቺ ነሽ የከለከልሽው?”

“እኔ ነኝ።”

“የሎዚ ልጅ ሆነሽ? ሳታውቂ ነው እንዳልል ታውቂያለሽ።”

“አውቄ ነው። ሥራው እንዳይበላሽ ብዬ ነው።”

“ሥራው!” አሉ። “እህቴን እንደ ባዕድ ቀበርኳት ማዮ። አካፋ የደበቀባት ሰው የለም። እሷ በሰው ለቅሶ ስንት ጊዜ ስቃለች! ‘ጄሬ የታለ?’ ሲሉኝ ምን ልበል? ‘ስክሪን ከለከለው’ ልበል?”

“ምን እያሉ ነው?” አለች ሚስ ፒላይ።

ባ ካፔምብዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጄሬ ዞሩ። “እሺ። አሁን መጥተሃል። ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?”

ጄሬ ስክሪኑን አየ። ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ነጥብ እየበራ ነው፤ እየተቀረጸ ነው ማለት ነው። ናሙኮሎን አየ። ምን ትበለው? ቢናገር ሥራው ይሄዳል፤ ዝም ቢል ሽማግሌው ይሄዳሉ፣ ሥራውም አብሮ ይሄዳል። ዓይኗን አላነሣችለትም። ይህን ሰው አንዴ “ምረጥ” ብላዋለች፤ ይበቃል።

ጄሬ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞረ። የባ ካፔምብዋን ባርኔጣ ብድግ አድርጎ ከኋላው ደበቀው።

“የአገርህ የካሳማ ጦጣዎች ዛሬ ድግስ ላይ ናቸው!” አለ። “እህትህ ሄደችላቸዋ! ዘራቸውን የጨረሰችው ሴትዮ ሄደችላቸው። ‘አሁን የቀረን አንድ ነው፣ እሱም ዓይኑ አያይ፣ እጁ ጓንት የለው’ እያሉ ይጨፍራሉ። አንተም ቶሎ ተከተላትና ደኑ ይረፍ!”

“ምን እያደረገ ነው? ኮፍያቸውን ነው የወሰደው?” ሚስ ፒላይ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። “ሚስተር ሲምኮንዳ!”

ሚስተር ሲምኮንዳ ጣራውን ያያል። ባ ካፔምብዋ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። እንባቸው በመሐረቡ ላይ ወረደ፤ ሳቃቸውም ከእንባው ጋር አብሮ ወጣ፤ የታፈነ፣ ከሆድ የመጣ፣ ማቆሚያ ያጣ ሳቅ።

“ባርኔጣዬን አምጣ አንተ አይጥ ቆፋሪ!”

“ካሳ!”

“አርፍደህ መጥተህ ካሳ? ዶሮ የምታመጣው አንተ ነህ።”

“ባለ ሁለት እግሩን ወይስ ባለ አራቱን?”

“ባለ አራቱንማ ከነጭራው እናትህ ቤት ብላ!”

“ናሙኮሎ” አለች ሚስ ፒላይ፤ ድምፅዋ ጠንክሯል። “ምን አላቸው? ቃል በቃል። እየተቀረጸ ነው።”

ማለስለስ ይቻል ነበር። “ይቅርታ ጠየቃቸው” ቢባል ጆሃንስበርግ ውስጥ ቤምባ የሚያውቅ ማን አለ? ናሙኮሎ ግን “ተጣምረው ነበር” በሚለው ጨርሳለች። ቃል በቃል ተረጎመች። ጦጣዎቹን፣ ድግሱን፣ እህትየዋን፣ “ተከተላትና ደኑ ይረፍ” የሚለውን፣ አይጡን፣ ጭራውን። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የእሷ እንግሊዝኛና የሽማግሌው ሳግ ብቻ ነበር።

ሚስ ፒላይ የመጀመሪያውን ጽሑፍ መልሳ አየችው።

“ይሄ እኮ ከመጀመሪያው የባሰ ነው።”

“አዎ፣ የባሰ ነው” አለች ናሙኮሎ። “ለቅሶ እየደረሰ ነው።”

ሚስ ፒላይ ስክሪኑ ላይ ሽማግሌውን አየቻቸው። ዓይናቸውን ጠርገው ባርኔጣቸውን ተቀብለው አቧራ እንዳለበት ሁሉ ያራግፉ ነበር።

“ሚስተር ካፔምብዋ፣ ቅሬታዎ እንዳለ ነው?”

“ቅድም ነበረ” አሉ በጥንቁቁ እንግሊዝኛቸው። “አሁን ተከፍሎኛል። አንቺም ደክሞሻል ልጄ፤ ዝጊው።”

ውሳኔው ሰኞ መጣ። ሚስ ፒላይ ነገሩ የገባት አትመስልም፤ ግን ያየችውን አልካደችም። ጄሬ ወደ ሥራው ይመለስ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው። “መከባበር በሥራ ቦታ” የሚለውን ትምህርት እዚያው ሲስተሙ ላይ ይጨርስ። ሠራተኛን በብሔረሰብ ማጣመር ክልክል ነው። የናሙኮሎ የሙከራ ጊዜ ተራዝሟል። ሚስተር ሲምኮንዳ ይህን የመጨረሻውን ሲነግራት ትከሻውን ነቀነቀ፤ “አልተባረርሽም፤ ተመስገን በይ።” ተመስገን አላለችም። ለእናቷ ቋሚ ሆንኩ ብላ ልትደውል አስባ የነበረውን ስልክ ኪሷ ከተተችና ወደ ግቢው ወጣች።

አሁን አስተያየቱ የሚሰጠው ጠዋት፣ ክቡ ውስጥ፣ በአፍ ነው። ቪዲዮው በአንድ ስልክ ይከፈታል፣ ሁሉም ይጎነብስበታል፣ ማን ማንን እንደሚተርብ ማንም አያጣምረውም፤ ራሳቸው ያውቁታል። ናሙኮሎ ታብሌቷን ይዛ ዳር ትቆምና አይጡንና ጦጣውን፣ አፍንጫውንና አማቹን አጥባ የተረፈውን ትጽፋለች። “ጓንት አላደረገም።” “የገመዱን አንገት አልፈተሸም።” ሲስተሙ አረንጓዴ ያበራል። አሰልቺ ሥራ ነው። አስተያየቶቹም ከታጠቡ በኋላ እንደ ተጋጠ አጥንት ናቸው። ይሠራል።

አንድ ቀን ጄሬ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ ወደ ቢሮዋ ገባ።

“ማዳም፣ ጉዴን እይልኝ!”

የመከባበሩን ትምህርት ጨርሷል። ለካ እሱም የመጨረሻ ክፍል አለው፤ አንድ ባልደረባው ስለ ጠባዩ አይቶ ጉድለቱን ሊጽፍለት ይገባል። ሲስተሙ “ባልደረባ ይምረጡ” ሲለው ባ ካፔምብዋን መርጧል። ሌላ ማንን ይምረጥ? ናሙኮሎ ስልኩን ተቀበለችው። ባ ካፔምብዋ የጻፉት አጭር ነበር።

“በጣም ጥሩ ሰው ነው። እግዚአብሔር ይባርከው። ምንም ጉድለት የለበትም።”

ከሥሩ ቀይ ይበራል።

“ይኸው፣ አየሽ?” አለ ጄሬ። “ጉድለቴን ጻፉልኝ ብዬ ነገርኳቸው፣ ‘ጽፌያለሁ’ ሲሉኝ ለካ ይሄን ነው የጻፉት! ቀኑ ነገ ነው የሚያልቀው! ሽማግሌው ሊያስባርሩኝ ነው!”

በመስኮቱ በኩል ባ ካፔምብዋ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ይታያሉ። ሳህናቸው ፊታቸው ነው። አዲስ ጓንት ቀበቷቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ወደ ቢሮው ቀና ብለው አዩና፣ ጄሬን ሲያዩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ጳጳስ በትሕትና ጎንበስ አሉለት።

“ሂድ ለምናቸው” አለች ናሙኮሎ።

“በምን?”

“ዶሮዋን አድርሰሃል?”

ጄሬ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ ቆቡን ገለበጠና ወደ በሩ ሄደ።

“ባለ ሁለት እግሯን” አለች ናሙኮሎ ከኋላው፣ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች።